በማን ላይ ቆመሽ?

ስምሽን ጻፊበት። ከምነግርሽ ሁሉ ይህን አስቀድሜዋለሁ፤ ሌላውን ብትረሺው እንኳ ይህቺን ያዥልኝ። ያመጣሽልኝን ሥዕላዊ ታሪክ ከሽፋኑ እስከ ጀርባው አገላብጬ አየሁት። ሃያ አራት ገጽ ሙሉ ሰው ይስቃል፣ ይጣላል፣ ይላፋል፣ ይተኛል፤ የሳለችው ማን እንደሆነች የሚናገር ግን አንድ ፊደል የለበትም። ስጠይቅሽ «ጋሽዬ፣ ይሄ እኮ አንደርግራውንድ ነው፤ ስም ከተጻፈበትማ ምኑን አንደርግራውንድ ሆነ!» አልሽኝ። ሳቅሁልሽ፤ ጥርሴ ሳቀ እንጂ ሆዴ አልሳቀም።

ስለ ራቁቱ ይቆጣኛል ብለሽ ተዘጋጅተሽ የመጣሽ ትመስያለሽ። አልቆጣሽም። ዕድሜዬን በፍርድ ቤት መዝገብ መሀል የጨረስሁ ሰው ነኝ፤ የሰው ልጅ መብራት አጥፍቶ የሚሠራውን ከአንቺ እርሳስ አልማርም። ደግሞስ አበሻ ነውር አይወድም የሚል ሰው ተረታችንን አልሰማም። ከተረትና ምሳሌያችን ስንቱ ነው እናትና ልጅ አብረው በተቀመጡበት የማይነገር! ለዚህ ለአንቺ ጉዳይ ልክክ የሚሉ አሁንም ምላሴ ጫፍ ላይ አሉ፤ አንቺ ፊት ስለሆንሁ ዋጥሁዋቸው። ከሰዓት በኋላ በርጫው ላይ ለእኩዮቼ እነግራቸዋለሁ። ይህን የመዋጥ ነገር አትናቂው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ሕጉን ስሚ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 640 ነውረኛ ወይም ጸያፍ የሆነ ጽሑፍ፣ ሥዕል፣ ፖስተር፣ ፊልም የሠራውን፣ ከውጭ ያስገባውን፣ ያጓጓዘውን፣ በአደባባይ ያሳየውን፣ ለሽያጭ ያቀረበውን፣ ያሰራጨውን በእስራትና በመቀጮ ይቀጣል፤ ዕቃውም ተወርሶ ይጠፋል። ትናንት የተፈጠረ እንዳይመስልሽ። ስዊሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን አርቅቆት በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ውስጥ ነበረ። ጃንሆይ ሄዱ፣ ደርግ ሄደ፣ ይህ አንቀጽ ቁጥሩን ለውጦ ተቀምጧል።

ሕገ መንግሥቱስ? አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማናቸውም መልኩ ከልክሏል። ስለዚህ «ገጽሽን አስቀድመሽ አምጪና ልይልሽ» የሚልሽ ባለሥልጣን የለም። ግን እዚያው አንቀጽ ውስጥ የወጣቶችን ደኅንነትና የሰውን ክብር ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል ተጽፏል። ትርጉሙ ለአንቺ ይህ ነው፤ አስቀድሞ የሚያቆምሽ የለም፣ ከወጣ በኋላ የሚጠይቅሽ ግን አለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

እስቲ የአንቀጽ 640ን ዝርዝር መለስ ብለሽ እይው። «የሠራ» ብሎ አላቆመም። ያጓጓዘ፣ ያሳየ፣ ያሰራጨ እያለ ይወርዳል። ከዚህ ጋር ደግሞ ስለ ኅትመት ኃላፊነት የሚናገረውን የዚያኑ ሕግ ክፍል ስታነቢ፣ ደራሲው ያልታወቀ እንደሆነ ነገሩ ወደ አሳታሚው፣ አሳታሚው ከታጣ ወደ አታሚው፣ እሱም ከታጣ ወደ አሰራጩ እንደሚወርድ ታያለሽ። የአንቺ አታሚ ማነው? ያ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራው ልጅ ነው፤ በቀን የተማሪ ፈተና ሲያባዛ ውሎ ማታ ቤተሰቡን የሚያበላው። አሰራጭሽ ማነው? ከሳቢያን ከዚራ የሚመላለሰው ባለ ባጃጅ ጓደኛሽ ነው፤ «ወንበሩ ላይ ተዋቸው፣ ተሳፋሪ ያነሳቸዋል» ያልሽው። እነሱ ስምም አድራሻም አላቸው። ሰሌዳ አላቸው። ንግድ ፈቃድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የሌለው የአንቺ ስም ብቻ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ አንቺ ደግሞ አህያውን ራስሽ ደብቀሽ ዳውላውን ብቻ መንገድ ላይ ልትተዪ ነው። በማን ላይ ቆመሽ እግዚሃርን ታሚያለሽ?

ዕዳው ወደ አሰራጩ መውረዱ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም። አንቺ የምትወጃቸው እነዚያ የአሜሪካ አንደርግራውንድ ሥዕላዊ ታሪኮች አባት ሮበርት ክረምብ እ.ኤ.አ. በ1968 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ «ዛፕ» የተባለውን ጀመረ። ቁጥር አራቱ በማግሥቱ ዓመት ወጥቶ ኒውዮርክ ሲደርስ ፖሊስ የገባው ሠዓሊዎቹ ቤት አልነበረም፤ መጽሐፍ መደብር ነው። በ1970 ጥፋተኛ የተባሉትና መቀጮ የተጣለባቸው ሻጮቹ ናቸው። ይግባኝ ብለው እስከ 1973 ተሟገቱ፣ አልተሳካላቸውም። በዚያ መዝገብ ተከሳሽ ሆኖ የቀረበ ሠዓሊ የለም። የክረምብ ስም ዛሬ በሙዚየም ይጠራል፤ የእነዚያን ባለ መደብሮች ስም አንቺ ታውቂዋለሽ? እኔ ፍርዱን ስላነበብሁ ነው የማውቀው።

«ስሙን ጽፎ የተቀጣስ የለም ወይ?» ትዪኝ ይሆናል። አለ፤ አልደብቅሽም። ማይክ ዳያና ይባላል፣ የፍሎሪዳ ሰው ነው። «ቦይልድ ኤንጅል» የሚባል መጽሔት እንደ አንቺ ራሱ እየሳለ፣ ራሱ እያባዛ፣ ሦስት መቶ ለሚሆን ሰው በፖስታ ይልክ ነበር። ሥዕሉ ይዘገንናል፤ እኔ ሆዴ አይችለውም። አንድ ፖሊስ ሠዓሊ መስሎ ደብዳቤ ጻፈለት፣ ገዛው፣ ከሰሰው። እ.ኤ.አ. በ1994 ጥፋተኛ ተባለ። ሦስት ዓመት ሙሉ በፍርድ ቤት ቁጥጥር ሥር እንዲቆይ፣ ሦስት ሺህ ዶላር እንዲከፍል፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ካለ ሰው እንዲርቅ ተፈረደበት። ከሁሉ የከፋው፣ በገዛ ቤቱ ለራሱ እንኳ እንዲህ ያለ ሥዕል እንዳይስል፣ ፖሊስም ድንገት ገብቶ እንዲፈትሽ ተወሰነ። ስለ ፍርዱ ብትጠይቂኝ አሳፋሪ ነው እልሻለሁ። ሰው ማንም በማያየው ወረቀት ላይ የሚሞነጫጭረውን የሚፈትሽ ዳኛ ነገ ሕልሜንም ልይ ይላል። ግን አንድ ነገር እይ፤ ያ ሰው ሳለ፣ አባዛ፣ ላከ፣ ተጠየቀ። ከእሱ ጋር ሳጥን ውስጥ የቆመ የፎቶ ኮፒ ልጅ አልነበረም። ስም ጋሻ ነው አላልሁሽም። ዕዳው በባለ ዕዳው ላይ እንዲቆም ያደርጋል፣ ይኸው ነው።

የእኛው ስብሐት ገብረእግዚአብሔርስ? «ሌቱም አይነጋልኝ»ን በ1950ዎቹ ዓ.ም. ፈረንሳይ አገር ሳለ ነው የጻፈው፤ የውቤ በረሃን ሌሊት፣ ሴቶቹንና ወንዶቹን፣ ቃላቸውን ሳያጥብ። ማን ያትምለት? ንጉሡም ደርግም ሳንሱር ነበራቸው። ጽሑፉ ለአሥርት ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖረ፤ በመጽሐፍ መልክ የታተመው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ነው፣ ፈረንሳይኛውም እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። አሁን የምልሽን ልብ በዪ። ያ ረቂቅ ሲዞር የማን እንደሆነ ያልታወቀበት ቀን የለም። «የስብሐት» እየተባለ ነው የተነበበው። ደግሞ ባጃጅ ወንበር ላይ አልተጣለም፤ የሚፈልገው ሰው ፈልጎ፣ የሚሰጠው ሰው አይቶ ነው የሰጠው። ድብቅ ነበር፣ አባት የሌለው ግን አልነበረም። ሰውዬው በየካቲት 2004 ዓ.ም. ሲያርፍ የወቀሱትም የወደዱትም ማንን እንደሚወቅሱና ማንን እንደሚወዱ ያውቁ ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል።

በነገራችን ላይ፣ በዚህ አገር መጽሐፍ የታገደበትን ምክንያት ብትቆጥሪ ራቁትነት ፊተኛው አይደለም። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» የተሰበሰበው፣ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ከገበያ የወጣው አልጋ ስላሳዩ አይደለም፤ ወንበር ስለነኩ ነው። በዓሉ በማግሥቱ ዓመት በየካቲት እንደወጣ ቀረ። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። ዘጠነኛው ገጽሽ ላይ ያለውን ሆዳም ሹም አይቼዋለሁ፤ ያስቃል፣ እውነትም ነው። በዚያው ገጽ ያለ ሱሪ ባታቆሚው ግን ይሻል ነበር። ቀልዱ ያመመው ሰው «ቀልዱ አመመኝ» ብሎ አይከስሽም፤ «ሱሪውን» ብሎ ነው የሚከስሽ። የሚመታሽ ሰው ዱላ ካጣ አንቺ ለምን ታቀብዪዋለሽ? ፊቱንም ቀይሪው። አፍንጫው የማን እንደሆነ እኔ እንኳ በደካማ ዓይኔ ለይቼዋለሁ። የሰው ስም ማጥፋት ሌላ አንቀጽ ነው፣ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ አትደርቢ።

አሁን ወደዋጥሁት ተረት ልመለስ። ነውር የሚባለው ነገር አብዛኛው ክብደቱ የሚደርስበት እጅ ላይ ነው ያለው። አዝማሪ ያውቀዋል፤ ሰምና ወርቁን ቀላቅሎ ሲያወርደው ባልቴቷ አፏን በነጠላ ሸፍና ትስቃለች፣ እግሯ ሥር ያለው ሕፃን ስለ በሬና ስለ ማሳ የተዘፈነ መስሎት ያጨበጭባል። የንግሥተ ሳባን ሥዕል አይተሻል? የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች ብዙ ጊዜ በአርባ አራት ክፍል እየከፋፈሉ የሚስሉትን? እሱ ነው የእኛ አሮጌው ኮሚክ። ዘንዶው አለ፣ ታምሪን ነጋዴው አለ፣ ቅመም የበዛበት ራት አለ፣ ሌሊት ውኃ መጠጣቷ አለ፣ ከዚያ አልጋው አለ። ሰለሞንና ንግሥቲቱ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ሁለት ራስ ብቻ ብቅ ብሎ። ገረዷም ተራዋን አላጣችም። ያንን ሥዕል ሰው ሳሎኑ ሰቅሎ ቄስ ይጋብዝበታል! ብርድ ልብሱ ሁሉን ነገር ተናግሯል፤ የሚገባው ገብቶታል፣ የማይገባው ሰው ተኝተዋል ብሎ ያልፋል። ሁልጊዜ ብርድ ልብስ ሳዪ አልልሽም። ግን ያ ሠዓሊ ሥዕሉ የሚሰቀልበትን ቤት አስቦ እንደሳለ ይታወቃል። አንቺ የአንቺን የት እንደሚሰቀል አስበሻል?

እኔ አስቤልሻለሁ። ፎቶ ኮፒ ማሽን ወረቀት ያበላሻል፤ ጠቁሮ የወጣ፣ ተጣጥፎ የወጣ ገጽ አይጣልም፣ ጥግ ይከመራል። ማታ የለውዝ ሻጯ ልጅ መጥታ ትወስደዋለች። በነጋታው አሥራ ሰባተኛው ገጽሽ በሾጣጣ ተጠቅልሎ፣ ለውዝ ተሞልቶ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እጅ ላይ ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣ የአንቺን ሳይሆን የሰው ክስ ማመልከቻ። ሕጉ ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሱትን በተመለከተ ፊቱ ሌላ ነው፤ ለጎልማሳ ሲሆን የሚከራከርልሽ ዳኛ እንኳ እዚያ ላይ ብዕሩን አጥብቆ ይይዛል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1971 «ኦዝ» የተባለውን መጽሔት ሦስት አዘጋጆች ለንደን ላይ የከሰሱት በዚሁ ነው። አዘጋጆቹ አንዱን ዕትም ተማሪዎች እንዲያዘጋጁት ሰጡ፤ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሩፐርት የሚባለውን የሕፃናት ድብ ራስ ቆርጦ የክረምብ ሥዕል ላይ ለጠፈው። ድቡ ሕፃናት የሚወዱት ድብ ባይሆን፣ ዕትሙም «የተማሪዎች» ባይባል ያን ያህል አገር ባልተናወጠ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሰዎቹ እስር ተፈረደባቸው፣ የጸያፍነቱን ጥፋት ይግባኝ ሰሚው ሻረላቸው። ልጁ አልተከሰሰም። እንደገና ሌላ ሰው ነው የከፈለው።

ስለዚህ የተበላሸውን ወረቀት ቆጥረሽ ተረከቢ። ቴሌግራሙን ደግሞ እርሺው። እዚያ ከለቀቅሽው የማን እጅ እንደደረሰ የምታውቂበት መንገድ የለም፤ የታናሽ እኅትሽ ስልክ ላይ ከአንቺ ቀድሞ ይደርሳል። የ2008 ዓ.ም. የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ለአካለ መጠን ያልደረሰ፣ ወይም ያልደረሰ የሚመስል ሰው የሚታይበትን የወሲብ ምስል በጽኑ እስራት ይቀጣል። «የሚመስል» የምትለዋን ለሠዓሊ ደጋግሜ ነው የማነባት። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ያለችው ሙሽራ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው አልሽኝ። ሥዕሉ አይልም። ትከሻዋን ጠባብ፣ ዓይኗን ትልቅ አድርገሽ የጃፓን ካርቱን አስመስለሻታል። እንደገና ሳያት፤ እዚህ ላይ አልከራከርሽም፣ አልለምንሽም፣ እንደገና ሳያት።

ሕጉ ለእናንተ የተወው በርም አለ። አንቀጽ 640 ባለበት ምዕራፍ ውስጥ ፍትወትን ለመቀስቀስ ያልታሰበ፣ ንጹሕ የኪነ ጥበብ፣ የሥነ ጽሑፍ ወይም የሳይንስ ሥራ ነውረኛ አይባልም የሚል ተቀምጧል። በሩ ጠባብ ነው፣ በረኛውም ዳኛ ነው፤ ግን አለ። በዚያ በር ለመግባት ስትቆሚ «ይህን ገጽ ለምን ሳልሽው?» ይሉሻል። እኔም ልጠይቅሽ። ከስድስት እስከ ስምንት ያሉት ገጾች፣ ባልየው ከታይዋን ገበያ በዕዳ ያመጣውን ቴሌቪዥን እያየ ሚስትየዋ ልብሷን አውልቃ ግድግዳውን የምታይበት፣ እነሱን ለምን እንደሳልሻቸው ማንም አይጠይቅሽም፤ የጠየቀሽ እንደሆነ እሱ ያላገባ ነው። እኔ አርባ ዓመት የትዳር ክርክር መዝገብ ሳገላብጥ ኖሬ ያንን ግድግዳ አንድም ጠበቃ በቃል ሲያስረዳልኝ አልሰማሁም። እሷን ልብስ ብታለብሺያት ገጹ ይሞታል። አትንኪያት።

የመጨረሻዎቹ አራት ገጾችስ? እነሱን የሳልሽው ክልክል ስለሆኑ ነው። ያስታውቃል። እርሳስሽ እንኳ እዚያ ላይ ተቻኩሏል፣ እጆቹ ጣታቸው አይቆጠርም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ወጥቶ ሳንሱር ሲቀር፣ ከፖለቲካው ጋዜጣ ጎን የገላ ወሬ የሚያወሩ መጽሔቶች እንደ አሸን ፈሉ፤ አዟሪው ሁለቱንም በአንድ ክንዱ አቅፎ ይዞር ነበር። ፖለቲካውን ጋዜጣ ቆርጠው ያስቀመጡ ሰዎች ዛሬም አውቃለሁ። ያንኛውን ያስቀመጠ አላጋጠመኝም፤ ያስቀመጠም ካለ አይነግረኝም። አንቺ ከሁለቱ ከየትኛው ጋር እንደምትቀመጪ አራቱ ገጾች ናቸው የሚወስኑት፣ እኔ ብሆን አወጣቸው ነበር። አንቺ ግን እኔ አይደለሽም። ካስቀረሻቸው ጣቶቹን አስተካክያቸው።

«ስሜን ከጻፍሁ እናቴ ታየዋለች» ነው እውነተኛው ፍርሃትሽ፣ አይደል? ፖሊሱ አይደለም። የእኅቴን ነገር እኔ አውቃለሁ። ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ሰባት ቀን አታናግርሽም፤ ከዚያ ስድስተኛውን ገጽ ለብቻዋ ሆና ታየዋለች። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከአንቺ እጅ ብታገኘው ይሻላል። በዚህ በሳቢያን ጎረቤት የማያውቀው ነገር የለም፤ በሥዕል ስልት ማን ማን እንደሆነ ሳይለይ የሚቀር ከመሰለሽ አቦ፣ ሰፈርሽን አታውቂውም። በሰርጉ ገጽ ላይ የቤታችሁን የግድግዳ ሰዓት እንዳለ ስለሽዋል እኮ!

በሰራት ደበበን አይተሽ የለም? «ጀምበር» የተባለውን ሥዕላዊ ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲያወጣ ስሙን ሽፋኑ ላይ አድርጎ ነው። የእሱ ባለ ጉልበት ጀግና ነው፣ የአንቺ ግድግዳ የምታይ ሚስት፤ ጉዳዩ አይገናኝም፣ ሽፋኑ ግን ይገናኛል። ስምሽን፣ ወሩንና ዓመቱን፣ «ለአዋቂዎች» የሚለውን በጉልህ አድርጊበት። ስንት ቅጂ እንዳወጣሽ ጻፊ። ለእያንዳንዱ የሚቀበለውን ሰው እይው፤ መቶ ከሆነ መቶ ፊት።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ዘንድ ስትሄጂ ደግሞ በተገለበጠ ወረቀት አታታልዪው። አሥራ ሰባተኛውን ገጽ ፊቱ ዘርጊና «ይህ ነው ያለበት፣ ስሜም ይኸውና፣ ታባዛልኛለህ?» በዪው። ይሉኝታ ስላለው ዓይኑን ሊሰብር ይችላል፤ ጊዜ ስጪው። እምቢ ካለ አመስግነሽ ውጪ፣ ዋጋ ጨምሬ ልስጥህ ብለሽ አትፈትኚው፣ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ነው። እሺ ካለ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ሲቀዘቅዝ፣ ተማሪ በማይኖርበት ሰዓት አሠሪው፤ የተበላሸውን እኔ መጥቼ እረከባለሁ።